ኩርባ ላይ የተበተነ ጠጠር፦ ጥፋቱ የመንገዱ ነው ወይስ የእኔ?

ከሦስት ሳምንት በፊት ማለዳ ወደ ሥራ ስሄድ ከሞተሬ ላይ ወደቅሁ። መንገዱ ደረቅ ነበር፤ ሰማዩም ጠርቶ ነበር፤ ከፊቴም ሆነ ከኋላዬ የሚመጣ ተሽከርካሪ አልነበረም። በየቀኑ የማልፍበት፣ ወደ እኔ ጠርዝ በኩል የሚታጠፍ አንድ ኩርባ አለ፤ ውስጠኛውን ጎኑን የድንጋይ ግንብ ስለሚከልለው የመታጠፊያው መጨረሻ የሚታየው ከገቡበት በኋላ ነው። ገብቼ ሞተሩን ወደ ጎን ካጋደልሁ በኋላ፣ ከግንቡ ሥር ተንሸራቶ እስከ መንገዱ አጋማሽ የተበተነ ደቃቅ ጠጠር አየሁ። ጣቶቼ ሳላዛቸው የፊት ፍሬኑን ጨበጡ። የፊት ጎማው ሲከዳኝ አንዳች ድምፅ አልሰማሁም፤ መሪው በእጄ ውስጥ ድንገት ቀለለ፣ ከዚያ ቀጥሎ ያየሁት አስፋልቱን ነው።

አካሌ ደህና ነው። የቀኝ እጄ ጓንት መዳፉ ላይ ያለው ቆዳ እስከ ገበሩ ድረስ ተልጧል፤ ስፌቱም ከአውራ ጣቱ ሥር ተተርትሯል፤ ውስጡ የነበረው መዳፌ ግን ከመቅላት በቀር ምንም አልሆነም። ስፖኪዮው ከነአንገቱ ተቆርጧል፤ የፊት ፍሬኑ መያዣ ጫፍም ተቀንጥሷል።

የእኔ አቋም ግልጽ ነው፤ የጣለኝ መንገዱ ነው። ጠጠሩን እዚያ ያስቀመጥሁት እኔ አይደለሁም፤ መንገዱን መጥረግም የእኔ ሥራ አይደለም። ሆኖም ነገሩ እንዳይደገም ስለምፈልግ ልምድ ያላቸውን ሰዎች ልጠይቅ፦ የተሻለ ጎማ ወይም ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርግ ሥርዓት) ያለው ሞተር ቢኖረኝ እተርፍ ነበር? ሞተር አጋድሎ እየታጠፈ ሳለ ጠጠር ያየ ሰው በዚያች ቅጽበት ምን ማድረግ አለበት?

እስከዚህ ያለውን የጻፍሁት በመጀመሪያው ዕለት ነው። በዚህ የኢንተርኔት መድረክ ላይ ጥያቄዬን ተከትሎ የሄደው የውይይት ክር 23 መልሶች ላይ ከደረሰ በኋላ ዘግይተው የሚመጡ አንባቢዎች ከመካከል እየገቡ የተመለሰ ጥያቄ ደግመው መጠየቅ ስለ ጀመሩ፣ መልሶቹን በተራቸው መሠረት በራሴ አገላለጽ ከዚህ በታች አስፍሬያለሁ። የተዘለፍሁበትንም አልደበቅሁም።

መልስ 1፦ የመጀመሪያው መልስ ሰጪ እንኳን ተረፉ ብለው ከጀመሩ በኋላ፣ ወደ ጥያቄዬ ሳይገቡ ሄልሜቴ መሬት ነክቶ እንደሆነ ጠየቁኝ። ነክቶ ከሆነ ላዩ ቢጫርም ባይጫርም መለወጥ እንዳለበት አሳሰቡ፤ ምክንያቱም ጭንቅላትን የሚያድነው የላዩ ቅርፊት ብቻ ሳይሆን ከሥሩ ያለው አረፋ ነው፤ አረፋው የምቱን ጉልበት የሚውጠው ራሱ ተጨፍልቆ በመሆኑ አንድ ጊዜ ከተጨፈለቀ ወደ ነበረበት አይመለስም። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው፣ 61 ጥናቶችን ያሰባሰበው የኮክሬን (የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝን ድርጅት) ግምገማ ሄልሜት የሞት አደጋን በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን ደግሞ በ69 በመቶ ያህል እንደሚቀንስ ማሳየቱንም አክለው ጽፈዋል። የእኔ ሄልሜት አገጩ ላይ አውራ ጣት የሚያህል ጭረት ብቻ ነበረበት። በማግስቱ ለወጥሁት።

መልስ 2፦ ሁለተኛው ሰው በጨዋ አነጋገር ቀጥታ ወደ ነገሩ ገባ። ጎማ መንገዱን የሚነካው መዳፍ በምታህል ቦታ ብቻ እንደሆነ አስታውሶ፣ የዚያችን ቦታ የመያዝ አቅም በአንድ ኪስ ውስጥ ካለ ገንዘብ ጋር አመሳሰለው፤ ለመታጠፍ ብዙ ከወጣ ለፍሬን የሚተርፈው ያንሳል። ኩርባ ውስጥ ያጋደለ ሞተር ከኪሱ አብዛኛውን አውጥቷል፤ ጠጠር ላይ ሲደርስ ደግሞ ያለው ገንዘብ ራሱ ይቀንሳል። እኔ ፍሬን የጨበጥሁት ልክ በዚያች ሰዓት ነው። ምን ማድረግ ነበረብኝ ለሚለው ጥያቄዬ የሰጠው ምላሽ ሁለት ክፍል ነበረው፦ ጠጠሩ ጋ ሳልደርስ ቦታ ካለኝ ሞተሩን ቀና አድርጌ ፍሬን መያዝና ከጠጠሩ በፊት መልቀቅ፤ ጠጠሩ ላይ ከደረስሁ በኋላ ግን ፍሬንም፣ ነዳጅም፣ መሪ መጠምዘዝም ትቶ እጅን አላልቶ ማለፍ ነው። ጠጠሩ ላይ የሚሠራ ሥራ የለም፤ ሥራው ያለቀው ከጠጠሩ በፊት ነው ማለቱ ነበር። ያን ዕለት ይህ አነጋገሩ ጥያቄዬን የሸሸ መስሎኝ አልወደድሁለትም።

መልስ 3 እና 4፦ ጎማ ነጋዴ ይሆን ብዬ የጠረጠርሁት አንድ ሰው ጥፋቱን ሁሉ በጎማዬ ላይ ጫነ። ነፋሱን ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ መለካት እንደሚገባ፣ ከተነዳ በኋላ የሚወሰድ ልኬት ግን ሙቀቱ ግፊቱን ስለሚጨምረው እንደሚያታልል፣ ጥርሱ ያለቀ ጎማም መጣል እንዳለበት ጻፈ። ምክሩ ትክክል ነው፤ ግን የእኔን አወዳደቅ አይመለከትም። አራተኛው መልስ ሰጪ ወዲያው አረመው። የጎማ ጥርስ የተቀረጸው ውኃ ከሥሩ እንዲወጣ ነው፤ አስፋልት ላይ የተበተነ ደቃቅ ጠጠር ግን በጎማውና በመንገዱ መካከል እንደ ኩሽኔታ ኳስ ስለሚንከባለል አዲስም አሮጌም ጎማ እኩል ይከዳል። ሦስተኛው ሰው ከዚያ በኋላ ድምፁ አልተሰማም።

መልስ 5፦ ውይይቱን ከጠጠሩ ያወጣው ይህ ነው። መልስ ሰጪው በሳውዘርን ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በሃሪ ኸርት መሪነት ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ1981 የታተመውን ጥናት ጠቀሰ። የጥናቱ ቡድን በሎስ አንጀለስ የደረሱ 900 ያህል የሞተር ብስክሌት አደጋዎችን በቦታው ተገኝቶ መርምሯል፤ ከእነዚህ ሦስት አራተኛ ያህሉ ከሌላ ተሽከርካሪ ጋር የተደረጉ ግጭቶች ሲሆኑ፣ ከግጭቶቹም ሁለት ሦስተኛው የደረሱት ሌላው አሽከርካሪ ቅድሚያ በመንፈጉ ነው። የመንገድ ብልሽት ምክንያት የሆነው በ2 በመቶው ብቻ ነው። ስለዚህ ጠጠር ሲፈልግ ዓይኑን መሬት ላይ የተከለ ሞተረኛ፣ ከመገናኛው የሚወጣውን መኪና ያጣዋል የሚል ነበር ክርክሩ።

መልስ 6፦ እዚህ ላይ ድምፁ ጠንከር አለ። ስድስተኛው ሰው ቁጥሮቹን ሳይክድ አጠቃቀማቸውን ተቃወመ። ጥናቱ የተካሄደው ዝናብ በማይበዛበትና አስፋልቱ በተሟላለት ከተማ ስለሆነ 2 በመቶውን አንሥቶ ወደ ሁሉም መንገድ መውሰድ አይቻልም። ከሁሉም በላይ ደግሞ አቆጣጠሩን ማየት ያስፈልጋል አለ፤ ያው ጥናት ሞተረኛው ብቻውን ከወደቀባቸው አደጋዎች መካከል ሁለት ሦስተኛ ያህሉን የመዘገበው በሞተረኛው ስህተት ሲሆን፣ ስህተቶቹም በአብዛኛው ፍሬን አብዝቶ ይዞ መንሸራተት ወይም በፍጥነት ብዛት ከኩርባ መውጣት ናቸው። በአምስት የአውሮፓ አገሮች 921 አደጋዎችን የመረመረው ማይድስ የተባለው ጥናትም በግማሽ ያህሉ ዋናውን ስህተት ያገኘው በሌላው ተሽከርካሪ አሽከርካሪ ላይ እንደሆነ ጨምሮ፣ አምስተኛው ሰው ስለ መኪናዎቹ ያለው እውነት ቢሆንም መንገዱን ለመናቅ ምክንያት እንደማይሆን አስረዳ።

እኔ ግን ያነበብሁት ሌላ ነገር ነው። ኩርባ፣ ፍሬን፣ መንሸራተት። ጥናቱ እኔን ቢያገኘኝ ኖሮ የሚጽፈኝ በመንገዱ ዓምድ ሳይሆን በሞተረኛው ዓምድ ነበር። ያን ቀን ምንም ሳልመልስ ገጹን ዘጋሁት።

መልስ 7፦ በዚህ ክር ውስጥ ብዙ ምስጋና ያገኘችው እህታችን ናት። ለሁለቱም ተከራካሪዎች ተራ በተራ አክብሮቷን ገልጻ፣ ጠጠሩም መኪናውም ከሞተረኛው የሚጠይቁት አንድ ነገር፣ ማለትም ጊዜ እንደሆነ ጻፈች። ከዚያ የደረሰባትን ተረከች። በአንድ መስቀለኛ መንገድ አንድ አሽከርካሪ ቆሞ አንገቱን ወደ እርሷ አዙሮ ዓይን ለዓይን ከተያዩ በኋላ ልክ ፊቷ ላይ ወጣ። ሰውዬው አይቷት ነበር፤ ግን አላያትም። ከዚያ ወዲህ የአሽከርካሪውን ዓይን ትታ የመኪናውን የፊት ጎማ ታያለች፤ የመኪናው አካል መንቀሳቀሱ ለዓይን ሳይታወቅ የጎማው መሽከርከር ቀድሞ ይታያልና። ሰዎች ሞተርን ለምን እንደሚያጡት የሰጠችው ማብራሪያም ልብ የሚያስጥል ነው፦ በቀጥታ ወደ እኛ የሚመጣ ነገር ከዕይታችን አንድ ቦታ ላይ ተተክሎ የሚቆይ ስለሚመስል፣ ጠባብ የሆነችው ሞተርም እስክትቀርብ ድረስ መጠኗ ብዙም ስለማይለወጥ፣ ዓይን ከጀርባዋ ካለው ነገር ጋር አዋህዶ ያልፋታል። ስለዚህ ወደ መገናኛ ስትቃረብ ነዳጅ ቀንሳ፣ ሁለት ጣቶቿን ፍሬኑ ላይ አሳርፋ፣ በረድፏ ውስጥ ቀስ ብላ ወደ ጎን ትዘዋወራለች፤ መብራቷ ከጀርባው ተለይቶ ሲንቀሳቀስ ዓይን ይስባልና። ከከባድ መኪና ጎን ስትሆን ደግሞ በስፖኪዮው ውስጥ የሾፌሩን ፊት ካላየች እርሱም እንዳላያት ቆጥራ ቦታዋን ትለቃለች።

መልስ 8፣ 9 እና 10፦ ስምንተኛው ሰው መፍትሔው ጩኸት ነው፤ የጭስ ማውጫውን ድምፅ አጉልቶ መሄድ ይበጃል አለ። ዘጠነኛው የጭስ ማውጫ ወደ ኋላ የተቀሰረ መሆኑን፣ አደጋው ግን የሚመጣው በአብዛኛው ከፊት እንደሆነ አስታወሰው። አሥረኛው ሌሊት የጎረቤቱ ሞተር እንዴት እንቅልፍ እንደሚነሣው ጽፎ ምሬቱን ተወጣ። ከዚህ የሚወሰድ ብዙ ነገር የለም።

መልስ 11፦ ለብዙ ዓመት በሞተር መልእክት ሲያደርሱ የኖሩ አባት የጻፉት ነው፤ ከሁሉም የረዘመውም እርሱ ነው። ጠጠር ለዓይን ስለሚታይ ከክፉዎቹ መካከል የዋሁ ነው ብለው ጀመሩ። እርሳቸው የሚፈሩት ናፍጣን ነው፤ እንደ ቤንዚን ቶሎ አይተንምና። ሞልቶ የተቀዳለት ከባድ መኪና ሲታጠፍ ከቋቱ አፍ ስለሚረጭ የሚገኘው ነዳጅ ማደያ መውጫ ላይ፣ አደባባይ ላይና ኩርባ ላይ ነው፤ እነዚህ ደግሞ ሞተር የሚያጋድልባቸው ቦታዎች ናቸው። በእርጥብ መንገድ ላይ የቀስተ ደመና ቀለም ያሳያል፤ በደረቅ መንገድ ላይ ጠቆር ብሎ የሚያብረቀርቅ መስመር ይሆናል፤ ከሁሉ በፊት ግን አፍንጫ ይደርስበታል። ሄልሜት ውስጥ የናፍጣ ሽታ የገባለት ሰው ዓይኑ ምክንያቱን እስኪያገኝ መጠበቅ የለበትም፤ ቀድሞ ፍጥነት መቀነስ ነው።

ቀጥለው ስለ ዝናብ ጻፉ። ከከባዱ ዝናብ ይልቅ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ይከፋሉ፤ በደረቁ ወራት አስፋልቱ ላይ የተጠራቀመው ዘይትና አቧራ ከውኃው ጋር ተለውሶ ገና አልታጠበምና። መኪናዎች ቆመው በሚጠብቁባቸው መገናኛዎች የረድፉ መካከል ዘይት የሚንጠባጠብበት ስለሆነ፣ የመኪና ጎማዎች የሚረግጡትን መስመር ይዞ መሄድ ይሻላል። የእግረኛ ማቋረጫ ነጭ ቀለም፣ የፍሳሽ ጉድጓድ የብረት ክዳን፣ ለግንባታ የተነጠፈ ላሜራ፣ ስንጥቅ የተደፈነበት የሬንጅ ገመድ፣ እነዚህ ሁሉ ሲረጥቡ ሳሙና ይሆናሉ፤ ሬንጁማ በብርቱ ፀሐይም ይለሰልሳል። ሁሉንም የሚያልፏቸው ሞተሩን ቀና አድርገውና ፍሬን ሳይነኩ ነው። የባቡር ሐዲድን በተቻለ መጠን በማዕዘን ማቋረጥ ያስፈልጋል፤ ሐዲዱ ከመንገዱ ጋር ተጠጋግቶ የሚሄድ ከሆነ አስቀድሞ ቦታ ይዞ አቅጣጫ ማስተካከል ይገባል፤ በሐዲዱ ጎን ያለው ክፍተት ጎማውን አንድ ጊዜ ከዋጠው መሪው የሞተረኛው አይደለም። መጨረሻ ላይ የጻፉትን ከዚያ ወዲህ በየቀኑ እሠራበታለሁ፦ መብራት ላይ ቆመው እግራቸውን ሲያሳርፉ የጫማቸውን ሶል ትንሽ ወደ ጎን ገፋ ያደርጉታል፤ ሶሉ ከተንሸራተተ አጠገቡ የቆመው ጎማም ያው መሬት ላይ ነውና ሲነሡ ነዳጁን በቀስታ ይሰጣሉ።

መልስ 12 እና 13፦ ወደ ጉድጓድ ተሻገርን። አሥራ ሁለተኛው ሰው ማምለጥ የማይቻል ጉድጓድ ሲያጋጥም እስከ መጨረሻው ፍሬን ይዞ መግባት ይሻላል ሲል፣ አሥራ ሦስተኛው አጥብቆ ተቃወመ። ፍሬን ሲያዝ የሞተሩ ክብደት ወደ ፊት ስለሚጫን የፊቱ ሞላ ተጨምቆ ያልቃል፤ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ሲደርስ የሚታጠፍ ሞላ ስለማይኖር ምቱን ቸርኬውና የሞተረኛው ክንድ ይቀበሉታል። ስለዚህ ፍሬኑን አስቀድሞ ጠበቅ አድርጎ መያዝ፣ ልክ ከአፋፉ በፊት መልቀቅ፣ ከመቀመጫው ትንሽ ብድግ ብሎ እግርን እንደ ሁለተኛ ሞላ መጠቀም፣ የነዳጅ ቋቱን በጉልበት መቆንጠጥና ክንድን ማላላት ይገባል። ዓይንም ጉድጓዱ ላይ መቅረት የለበትም፤ ሞተር ዓይን ወዳረፈበት ይሄዳልና ማየት ያለብን ጉድጓዱን ሳይሆን ከጎኑ ያለውን መውጫ ነው። ውኃ የቋጠረ ቦታ ጥልቀቱ እስኪታወቅ ድረስ ጉድጓድ ነው ብሎም ቋጨ። አሥራ ሁለተኛው ሰው ስህተቱን አምኖ አመሰገነው፤ በእንዲህ ያለ መድረክ ላይ እምብዛም የማይታይ ነገር በመሆኑ እዚህ መዝግቤዋለሁ።

መልስ 14፦ ስለ ኤቢኤስ ለጠየቅሁት መልስ ያገኘሁት ከዚህ ነው። ኤቢኤስ በሞተር ብስክሌት ላይ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1988 በቢኤምደብሊው ኬ100 እንደሆነ፣ በአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ከ125 ሲሲ በላይ ለሆኑ አዲስ ዓይነት ሞተሮች ከ2016 ጀምሮ ግዴታ እንደተደረገ ጠቅሶ፣ በእርጥብ ቀጥተኛ መንገድ ላይ በድንጋጤ ፍሬን የሚጨብጥ ሰውን ጎማው እንዳይቆለፍ በማድረግ እንደሚያድን መሰከረ። ነገር ግን መደበኛው ኤቢኤስ የሚያውቀው ጎማው መሽከርከሩን እንጂ ሞተሩ ማጋደሉን አይደለም፤ ያጋደለ ሞተር ጎማው ሳይቆለፍም ወደ ጎን ሊንሸራተት ይችላል። ማጋደልን ጭምር የሚለኩ አዳዲስ ሥርዓቶች አሉ፤ እነርሱም ቢሆኑ ኪሱ ውስጥ ያለውን ያብቃቁ እንደሆነ እንጂ የሌለውን አይጨምሩም በማለት ወደ መልስ 2 መለሰኝ።

መልስ 15፦ እስከዚህ «እርስዎ» ስባል የቆየሁት ሰው በዚህ መልስ «አንተ» ሆንሁ። አሥራ አምስተኛው ሰው ሰላምታ አልሰጠም። ይህ ሁሉ ሰው ስለ ጎማ፣ ስለ ሬንጅና ስለ ኤሌክትሮኒክስ ሲደክም የክሩ ባለቤት ስንት ላይ ይነዳ እንደነበር አንድ ጊዜ እንኳን አለመናገሩን አስታወሰ። መጨረሻው በማይታይ ኩርባ ውስጥ በፍጥነት ገብቶ መንገድ ጠራጊን መክሰስ የሕፃን ሥራ ነው፤ ያ ጠጠር የቆመ መኪና ወይም የወደቀ ሰው ቢሆን ኖሮ ምን ይለን ነበር ሲልም ጠየቀ። ከዚያ በኋላ ስለ አስተዳደጌ የጨመረውን መድገም አያስፈልግም።

መልስ 16፦ አወያዩ የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች አንሥተው ሁላችንም ቃላችንን እንድንመዝን አሳሰቡ። ጥያቄውን ግን አላነሡትም።

መልስ 17፦ ይህ የእኔ ነው። በመጀመሪያ ረጅም መከላከያ ጻፍሁ፤ ከዚያ አጠፋሁት። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ገደማ እነዳ እንደነበር፣ ፍጥነቱ ለዚያ መንገድ ከተፈቀደው በታች እንደነበር ብቻ ገለጽሁ።

መልስ 18፦ የፊዚክስ መምህር ነኝ ያሉ ሰው ያለ ቁጣ ስሌቱን ዘረጉልኝ። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ማለት በሰከንድ 17 ሜትር ገደማ ነው፤ ዓይን አይቶ እጅ እስኪይዝ አንድ ሰከንድ ቢወስድ 17 ሜትር ያለ ፍሬን አልቋል። በደረቅ አስፋልት ላይ ቀና ብሎ የሚሄድ ሞተር በሁለቱም ፍሬኖች ፍጥነቱን በየሰከንዱ በሰከንድ 7 ሜትር መቀነስ ቢችል፣ ለመቆም ሌላ 20 ሜትር ያስፈልገዋል፤ ድምሩ 37 ሜትር ነው። ያው ስሌት በ80 ሲሠራ 58 ሜትር፣ በ50 ሲሠራ 28 ሜትር፣ በ40 ሲሠራ ደግሞ 20 ሜትር ይመጣል። የፍሬኑ ርቀት የሚያድገው በፍጥነቱ ልክ ሳይሆን በፍጥነቱ ካሬ ስለሆነ፣ ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ርቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በመልስ 5 የተጠቀሰው የኸርት ጥናት በአብዛኛው አደጋ ላይ ሞተረኛው ለማምለጥ ያገኘው ጊዜ ከ2 ሰከንድ ያነሰ መሆኑን እንደመዘገበም ጨመሩ። የተፈቀደው ፍጥነት በምልክቱ ላይ የተጻፈው ሳይሆን በሚታየው መንገድ ውስጥ የሚያስቆመው ነው፤ ስለዚህ ቁጥሮቹን ይዤ ከዚያ ኩርባ ላይ ስንት ሜትር እንደሚታየኝ እንድለካ አዘዙኝ። መምህር ናቸውና የቤት ሥራ ሰጡኝ ማለት ነው።

መልስ 19፦ ያንኑ ስሌት ወደ ሌሊት ወሰደው። ዝቅ የተደረገ የፊት መብራት 50 ሜትር ያህል ቢያሳይ፣ በ80 የሚነዳ ሰው ለመቆም 58 ሜትር ስለሚያስፈልገው በየሰከንዱ የሚገባው ወደማያየው መንገድ ነው። ቀጥተኛ መንገድም ሌሊት ሌሊት ኩርባ ነው የሚለው ሐሳቡ ደስ ብሎኛል።

መልስ 20፦ ከርዕሱ ትንሽ ወጣ ብሎ ስለ ውሾች ተወራ። ሮጦ የሚመጣ ውሻ የሚያነጣጥረው ሞተሩ በያዘው ፍጥነት ሊደርስበት ወዳሰበው ቦታ ስለሆነ፣ ከሩቁ ቀዝቀዝ ብሎ ሲቃረብ በድንገት ነዳጅ መስጠት ሂሳቡን ያዛባበታል ተባለ። በእግር ለመምታት መሞከር ግን ሚዛን ማሳት ነው። ጸሐፊው ይህን ያወቀው ጫማውን ካስነከሰ በኋላ እንደሆነ በሳቅ ተርኳል።

መልስ 21፦ ወደ ጉዳዩ መለሰን። ከከባድ መኪና ኋላ ተጠግቶ የሚሄድ ሰው ምንም ያህል ዓይኑ ቢበረታ የሚያየው የመኪናውን ጀርባ ነው። ከባድ መኪና ጉድጓድን በጎማዎቹ መካከል አስገብቶ ሳይነካው ያልፋል፤ ጉድጓዱ ከሆዱ ሥር ሲወጣ ለሞተረኛው የቀረው አንድ የሞተር ርዝመት ነው። ቢያንስ የ2 ሰከንድ ርቀት መያዝ፣ ሲዘንብ ደግሞ እጥፍ ማድረግ እንደሚገባ፣ በረድፉ ውስጥም የመኪናው ጎማ የሚሄድበትን መስመር መከተል እንደሚሻል ጻፈ።

መልስ 22፦ የቤት ሥራዬን አቀረብሁ። እሑድ ማለዳ በእግሬ ወደ ኩርባው ሄድሁ። ጠጠሩ አሁንም አለ፤ የመኪና ጎማዎች ሁለት ንጹሕ መስመር ጠርገውበታል፤ ከመስመሮቹ መካከልና ከግንቡ ሥር ግን ተቆልሏል። የስፖኪዮዬ ስብርባሪም ከጠጠሩ መካከል ያበራል። ከረድፉ መካከል ቆሜ፣ ጠጠሩ መጀመሪያ ከታየኝ ቦታ ጀምሮ እስከ ጠጠሩ ድረስ እርምጃ ቆጠርሁ። 40 ነው። እርምጃዬን ቤት ውስጥ በሜትር ለክቼው 75 ሳንቲሜትር ስለሆነ፣ የሚታየው 30 ሜትር ነው። በ60 ለመቆም 37 ያስፈልገኝ ነበር፤ በ50 ግን 28 ይበቃኝ ነበር። በ10 ኪሎ ሜትር ልዩነት ጓንቴ ይተርፍ ነበር ማለት ነው ብዬ ጻፍሁ፤ መልስ 2ንም ዘግይቼ አመሰገንሁ።

መልስ 23፦ አሥራ አምስተኛው ሰው ተመለሰ። በዚህ ጊዜ ሰላምታ ሰጠ፤ «አንተ» ማለቱን ግን አልተወም። ስሌቱ ጥሩ ሆኖ አንድ ነገር እንደጎደለው ጻፈ፦ የመምህሩ ቁጥር ቀና ብሎ ለሚሄድ ሞተር ነው፤ እኔ ግን አጋድዬ ነበር። ሁለተኛም የለካሁት ከረድፉ መካከል ቆሜ ነው፤ የመጀመሪያው ጽሑፌ ግን ጠጠሩ ከግንቡ ሥር እስከ መንገዱ አጋማሽ እንደነበረና ኩርባው ወደ እኔ ጠርዝ እንደሚታጠፍ ይናገራል። እንዲህ ባለ ኩርባ ውስጠኛውን ጠርዝ ይዞ የሚገባ ሰው ግንቡ ራሱ ዓይኑን ይጋርደዋል፤ ወደ መንገዱ መካከል ጠጋ ብሎ የሚገባ ደግሞ የበለጠ ያያል። የዚያን ጠዋት የትኛውን ይዤ እንደገባሁ ጠየቀኝ።

ውስጠኛውን ነበር። በማግስቱ ከሥራ በፊት ተመልሼ ከግንቡ አንድ ክንድ ርቄ ቆምሁና እንደገና ቆጠርሁ። 26 እርምጃ ነው፤ 20 ሜትር አይሞላም።